ከቤት የሚሠሩ የጥብቅና ቢሮ ልጆች ቀዘቀዙብኝ፤ ምን ይሻላል?

የቢሮዋ ሰው | ኅዳር 9፣ ምሽት 2፡14

ሰላም ለዚህ ቤት።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ጎንደር ውስጥ የአንድ አነስተኛ የጥብቅና ድርጅት ቢሮ አስተዳዳሪ ነኝ። ሦስት ጠበቆች፣ አራት የሕግ ረዳቶች፣ አንዲት ጸሐፊ፣ አንዲት ሒሳብ ሠራተኛና አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ አሉን። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ፒያሳ ያለው ቢሯችን ወደ ሁለት ክፍል ጠበበ። ምክንያቱ ኪራይ ነው፤ ዝርዝሩን አታስወሩኝ። ስለዚህ ረዳቶቹ፣ ጸሐፊዋና ሒሳብ ሠራተኛዋ በሳምንት አራት ቀን ከቤት ይሠራሉ።

መጀመሪያ ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር። ከአዘዞ የሚመጣው ልጅ የታክሲ ግፊያ ቀረለት። ሥራውም አልተበላሸም። ክስ ይጻፋል፣ መከላከያ መልስ በቀኑ ይደርሳል። ልጆቹ ግን ቀዘቀዙብኝ። በቴሌግራም ግሩፓችን የሚጻፈው «እሺ» እና «ደርሶኛል» ብቻ ሆነ። በአንድ የውል አንቀጽ ምሳ ሰዓታቸውን ሙሉ ሲከራከሩ የሚውሉ ልጆች እኮ ናቸው!

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጎበዟ ረዳታችን መልቀቂያ አስገባች። «ደመወዝ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «አይ፣ እኔ እዚህ ቤት መኖሬን ማን ያውቃል?» አለችኝ። ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ።

የሞከርኩትን ልንገራችሁ። ጠዋት 2፡30 ላይ የዙም ስብሰባ አደረግን፤ በሦስተኛው ቀን ካሜራ የሚያበራ ጠፋ። ዓርብ ዓርብ «የዙም ቡና» ጀመርን። እባካችሁ አትሳቁ። ለልደት ኬክ ቤታቸው ድረስ ላክን፤ ኬኩ ተበላ፣ ግሩፑ ዝም እንዳለ ነው።

ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ።

ቀጠሮ ሰለቸኝ | ኅዳር 9፣ ምሽት 2፡31

አትሳቁ ብለሽ ነው እንጂ የዙም ቡና ሃሃሃሃ። አቦሉን ማን ቀዳ? ዕጣኑስ በየት በኩል ገባ?

አለቃ ነኝ | ኅዳር 9፣ ምሽት 3፡02

እህቴ፣ ነገሩን አታወሳስቢው። ሰው ካልታየ አይሠራም። ላፕቶፓቸው ላይ በየአምስት ደቂቃው የስክሪን ፎቶ የሚያነሳ ፕሮግራም ጫኚ። ካሜራ ሙሉ ቀን ክፍት ይሁን። እኔ የማስመጣቸው ዕቃዎች ላይ ለሚሠሩት ልጆች እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ቀጥ ብለዋል።

ማራኪ | ኅዳር 9፣ ምሽት 3፡40

@አለቃ ነኝ፣ ወንድሜ፣ እሷ የጠየቀችው ልጆቹ ለምን ቀዘቀዙ ነው። ሥራ አልጎደለም ብላለች። አንተ የሰጠሃት ለሌላ በሽታ የሚሆን መድኃኒት ነው።

ደግሞ የጥብቅና ቢሮ ነው እኮ። ያ ፕሮግራም የሚያነሳው ፎቶ ላይ ያለው የደንበኛ ሰነድ ነው። የፍቺ ክስ፣ የኑዛዜ ክርክር፣ የሰው የባንክ ሒሳብ። ያን ሁሉ በየአምስት ደቂቃው ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር ላይ ታስቀምጣለህ ማለት ነው። ጠበቃ የደንበኛን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ከዚያ በላይ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ካሜራው ውስጥ ያለው የልጅቷ እናት ጓዳ ነው፣ ያንተ ሱቅ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ከቤት ሆኖ ስለሚሠራ ሰው ውል ይናገራል። ሰውየው በቤቱ ወይም በመረጠው ቦታ፣ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር ሲሠራ ነው የቤት ሥራ ውል የሚባለው። ቀኑን ሙሉ በካሜራ የምታፈጥበት ከሆነ ያ ሌላ ውል ነው። እንግዲያው በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለውን አስታውስ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ያዘዝከውን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋቱ 12 ያለውን በ1.75 እጥፍ አስበህ ክፈላቸው።

አለቃ ነኝ | ኅዳር 9፣ ምሽት 3፡52

ሕግ የተማረ ሰው ጋ ማውራት ራሱ ትርፍ ሰዓት ነው 😀

ረዳቷ | ኅዳር 10፣ ጠዋት 1፡20

የቢሮዋ ሰው፣ እኔ እንደ ልጆችሽ ነኝ። ሌላ ቢሮ ውስጥ ረዳት ነኝ፣ ከቤት ስሠራ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የዚያችን ልጅ ቃል ሳነብ ራሴ የጻፍኩት መሰለኝ።

ችግሩ ቡና አይደለም። ችግሩ ክሱን ጽፈን ከላክን በኋላ ምን እንደደረሰ አለመስማታችን ነው። ቢሮ ስንውል ጠበቃው ከችሎት ሲመለስ ፊቱን ዐይተን እናውቅ ነበር። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ሲወረውር መቃወሚያችን ውድቅ ሆነ ማለት ነው። ሻይ ካዘዘ ብይኑ ለእኛ ነው። ዳኛው የትኛው አንቀጽ ላይ እንደጠየቀው፣ የእነዚያ ወገን ጠበቃ ምን ብሎ እንደተንተባተበ ቆሞ ያወራልናል። ትምህርቱም እሱ ነበር፣ ደመወዙም እሱ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ጽፌ እልካለሁ። «ደርሶኛል» ይባላል። በቃ። በሳምንቱ ሌላ መዝገብ ይላካል።

አንድ ጊዜ የአፈጻጸም መቃወሚያ አራት ሌሊት አምሽቼ ሠራሁ። የአንዲት ባልቴት ቤት በሌላ ሰው ዕዳ ሊሸጥ ነበር። ውጤቱን ማን እንደነገረኝ ታውቂያለሽ? ከሁለት ወር በኋላ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ የሴትዮዋ የእህት ልጅ። «ቤቱ እኮ ተለቀቀላቸው፤ ጠበቃው እግዜር ይስጠው» አለችኝ። ንፍሮዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ?

ቀጠሮ ሰለቸኝ | ኅዳር 10፣ ጠዋት 1፡45

ይሄ የሚያስቅ አይደለም። ትናንት ለሳቅኩት ይቅርታ።

ከግድግዳው ወዲያ | ኅዳር 10፣ ጠዋት 3፡10

እኔ ደግሞ ስለ ዝምታው ልናገር። እኛ ቀዝቅዘን ላይሆን ይችላል። ማውራት ስለማንችል ነው።

ቤታችን አንድ ሳሎንና አንድ ጓዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤቶች ሲያስነጥሱ «ይማርህ» እንላለን። ጎንደር ደግሞ ታውቋታላችሁ። ሁሉም በጋብቻም በክርስትናም ዘመድ ነው። አንድ ቀን አለቃዬ ደውሎ ስለ አንድ የውርስ ጉዳይ ዘርዝር አለኝ። ተከሳሿ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ናት! እናቴ ደግሞ አጠገቤ ሽሮ እያማሰለች ነው። «እሺ፣ እልክልዎታለሁ» ብቻ ብዬ ዘጋሁት። እሱ ሰነፍኩ ብሎ አስቧል። በኋላ ለሌላ ሰው «ልጁ ወኔው ጠፍቷል» ማለቱን ሰማሁ።

ስለዚህ እህቴ፣ ከመውቀስሽ በፊት እያንዳንዱ ልጅ የት ተቀምጦ እንደሚሠራ ጠይቂ። በር ያለው ክፍል አለው? መብራት ሲሄድ ምን ያደርጋል? ዳታውን የሚገዛው በማን ገንዘብ ነው?

አዘዞ 12 | ኅዳር 10፣ ጠዋት 4፡05

ዳታውን ካነሳችሁ አይቀር፣ ከነሐሴ 2015 ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ በቆየበት ጊዜ እኛ እንዴት እንደሠራን ልንገራችሁ። ክሱ በፍላሽ ነበር የሚሄደው። ፍላሹን ባጃጅ ለሚነዳ ዘመዴ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ለቢሮው ጥበቃ ይሰጣል። መልስ ሲመጣ በወረቀት፣ ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጠበቃው አስተያየት ተጽፎበት። «ይህችን አንቀጽ ከየት አመጣሃት? ጎበዝ!» የሚል። ያቺን ወረቀት እስካሁን አላጣኋትም።

ኢንተርኔት ተመለሰ፣ ቀይ እስክሪብቶው ግን አልተመለሰም። አሁን የሚመጣው 👍 ነው።

ጋሽ መዝገቡ | ኅዳር 10፣ ከሰዓት 9፡30

ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። እንዳትታዘቡኝ፣ ይህን የምጽፈው በልጅ ልጄ እጅ ነው።

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ሙያ ቆይቻለሁ። አንድ ነገር አስቡበት። በአገራችን ጠበቃ ለብቻው የሚሠራ ሰው ነበር። አንድ ቢሮ ተጋርተን ብንቀመጥም ፈቃዱም ኃላፊነቱም የየራሳችን ነበር። ሁለትና ከዚያ በላይ ጠበቆች በሕግ ፊት አንድ የጥብቅና ድርጅት ሆነው እንዲቆሙ የፈቀደው አዋጅ 1249/2013 ነው። ትናንት ማለት ነው። ስለዚህ ጠበቆቻችን መከራከር ያውቃሉ እንጂ ሰው ማስተዳደር አልተማሩም። እኔም አልተማርኩም። ጸሐፊዬ አሥራ አንድ ዓመት አብራኝ ስትሠራ አንድ ቀን አመስግኛት አላውቅም። ስትሄድ ነው የገባኝ።

የቢሮዋ ሰው፣ ልጄ፣ አንቺ ጠበቃ አለመሆንሽ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ነው። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ጉዳይ አስፈጻሚሽም ቀዝቅዟል?

የቢሮዋ ሰው | ኅዳር 10፣ ምሽት 1፡05

ጋሼ፣ ጥያቄዎ አስደነገጠኝ። አልቀዘቀዘም! እንዲያውም በደስታ የሚሠራው እሱ ብቻ ነው። ጠዋት መዝገብ ቤት፣ ከዚያ ችሎት፣ ከሰዓት መጥሪያ ማድረስ። ሲመለስ ወሬው አያልቅም። የትኛው መዝገብ ተቀጠረ፣ የትኛው ተዘጋ፣ ዳኛዋ ማንን ተቆጣች። የሚያወራው ግን ለእኔ ነው። ቢሮ ውስጥ ሌላ ሰው የለማ!

ጋሽ መዝገቡ | ኅዳር 10፣ ምሽት 1፡30

እንግዲህ።

ሸገር ጠበቃ | ኅዳር 11፣ ጠዋት 4፡20

ከአዲስ አበባ ነኝ። እኛም ግማሹ ሰው ከቤት ነው የሚሠራው። ጋሽ መዝገቡ የጀመሩትን ልጨርሰው፦ ጉዳይ አስፈጻሚው ከችሎት ሲወጣ ለግሩፑ የሁለት ደቂቃ ቮይስ ይላክ። ምን ተባለ፣ ምን ተጠየቀ፣ ለመቼ ተቀጠረ። እኛ ይህን ጠበቆቹ ራሳቸው እንዲያደርጉት ብለን ሞክረን ነበር። ሁለት ሳምንት አልቆየም። ጠበቃ ሲያሸንፍ ያወራል፣ ሲሸነፍ ኔትወርክ የለም ይላል።

ግን ጥንቃቄ አለው። የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም። እንደዚያ የሚሆነው ሁለት ሰዎች ብቻ የሚጠቀሙበት «ምስጢራዊ ውይይት» የሚለው ነው። ስለዚህ በቮይሱ የባለጉዳይ ስም አይጠራ። የመዝገቡ ቁጥር የመጨረሻ ሦስት አኃዝ ይበቃል። በዝግ ችሎት የታየ ነገር ጭራሽ አይወራ። ልጆቹም በማዳመጫ ይስሙት፤ ያ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ወንድማችን የተናገረው እውነት ነው።

ሌላው፦ እኛ ዓርብ ዓርብ አንድ የሰበር ውሳኔ እናነባለን። አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች የተቀመጡበት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም የአንተንም ዳኛ ስለሚያስር ለሁላችንም እንጀራ ነው። የሚያቀርበው ረዳት ነው፣ የሚጠይቁት ጠበቆች ናቸው። አንድ ጊዜ አንዲት ረዳት ዋናውን ሸሪክ አፋጠጠችው። በሚቀጥለው ዓርብ ሁሉም ሰው ካሜራውን አብርቶ ጠበቀ 😀 ማንም ግዴታ አላለም።

በአካል የምትገናኙበትን ቀን ግን አትተዉት። ያቺን አምስተኛዋን ቀን ለወረቀት ሥራ አታባክኗት። ያን ቀን ይከራከሩባት።

ማራኪ | ኅዳር 11፣ ጠዋት 5፡02

ከላይ ላለው አንድ ነገር። ሠራተኞቹ የምስጢር ግዴታውን በጽሑፍ ፈርመዋል? ካልፈረሙ ከቮይሱ በፊት እሱ ይቅደም። ጠበቃው ብቻ አይደለም ምስጢር ሊያወጣ የሚችለው።

አለቃ ነኝ | ኅዳር 11፣ ጠዋት 5፡30

እኔ የማስመጣውን ዕቃ ማን እንደገዛው ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም። ዝም ብዬ ነው የማነበው፣ ቀጥሉ።

የቢሮዋ ሰው | ታኅሣሥ 6፣ ምሽት 2፡40

ተመለስኩ። አንድ ወር ሊሆነው ነው። ቃል ስለገባሁ ሳይሆን ለማን እንደማወራው ስለጠፋኝ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማንም ያልመከረኝን ነው። አራቱንም ልጆች ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። ቁጥጥር እንዳይመስል በምሳ ሰዓት፣ ብርቱካን ይዤ። አንዱ የሚሠራው አልጋው ላይ ነው፤ ላፕቶፑን የሚያስቀምጠው የእናቱ ሞሰብ ክዳን ላይ። እናቱ «ሞሰቤን ፍርድ ቤት አደረገው» አሉኝ። አንዷ መብራት ሲሄድ ሳሙና በር ሰፈር ያለችው አክስቷ ጋ በእግሯ ትሄዳለች፤ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። ለሁለቱ ጠረጴዛና ወንበር ገዛን። የዳታ ፓኬጅ በየወሩ በቴሌብር እንልካለን። ጠበቆቹ «ይሄ ሁሉ ወጪ» ብለው ነበር። ጎበዝ ረዳት ፈልጎ ማሠልጠን ስንት እንደሚፈጅ ሒሳብ ሠራተኛዋ አስልታ አሳየቻቸው። ዝም አሉ።

የምስጢር ውሉን ሁሉም ፈረሙ። ማራኪ፣ ተባረክ።

ቮይሱ ግን... ምን ልበላችሁ! ጉዳይ አስፈጻሚያችን ጋዜጠኛ መሆን የነበረበት ሰው ነው። የመጀመሪያው ቮይስ ላይ ከኋላው የባጃጅ ጡሩምባ እየጮኸ፦ «ጤና ይስጥልን፣ ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ነኝ። 417 ዛሬ ቀርቦ ነበር። የእነሱ ጠበቃ መልሱን ሳያያይዝ መጣ። ዳኛዋ ቀና ብላ አየችው። አቤት አስተያየት! እኔ ራሴ ምንም ሳልበድል አንገቴን ደፋሁ» ይላል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አሥራ ሁለት መልስ መጣ። «የትኛውን መልስ?» «የይርጋ መቃወሚያዬን አየችው?» «ለመቼ ተቀጠረ?» ስድስት ወር ዝም ያለ ግሩፕ እኮ ነው።

ያልሠራም አለ። የጠዋቱን የዙም ስብሰባ አጠፋሁት፤ ማንም አልጠየቀበትም። የዓርቡን ሰበር ጀመርን፣ በሁለተኛው ሳምንት መብራት ጠፋ፣ በሦስተኛው ሁለቱ ጠበቆች ይግባኝ ላይ ባሕር ዳር ነበሩ። እንዲያው እየተንከባለለ ነው። ጸሐፊዋና ሒሳብ ሠራተኛዋ ደግሞ ቮይሱ ብዙም አልያዛቸውም። «እኔ ስለ ይርጋ ምን አገባኝ?» አለችኝ ጸሐፊዋ። እውነቷን ነው። ለእሷ ምን እንደሚሆን ገና አላወቅኩም። ሐሳብ ካላችሁ ወዲህ በሉ።

ረዳቷ | ታኅሣሥ 6፣ ምሽት 3፡15

ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ለአለቃዬ ላኩለት። «ደርሶኛል» አለኝ። 😭

አዘዞ 12 | ታኅሣሥ 6፣ ምሽት 3፡20

ጸሐፊዋን ከደንበኞቹ ጋር አገናኟት። ሰነድ ስትተይብ የምትውለው የማን እንደሆነ ዐይታ አታውቅም ይሆናል። በአካል በምትገናኙበት ቀን እንግዳ ተቀባይ እሷ ትሁን።

ከግድግዳው ወዲያ | ታኅሣሥ 6፣ ምሽት 3፡41

መልቀቂያ ያስገባችውስ?

የቢሮዋ ሰው | ታኅሣሥ 6፣ ምሽት 4፡10

ሄደች። ዘግይቼ ነው የነቃሁት። ሌላ ቦታ ገብታለች፣ ደመወዙም ከእኛ አይበልጥም።

ግን ትናንት ደወለችልኝ። 417ን የጻፈችው እሷ ናት። ሰባት ወር ሠርታበታለች። ለፍርድ ተቀጥሯል። «ከግሩፑ አታስወጪኝ፣ ፍርዱን ልስማ» አለችኝ። ከሠራተኝነት ከወጣች በኋላ እዚያ ልትቆይ አትችልም፤ ማስወጣት ነበረብኝ፣ አስወጣኋት። እጄ ግን አልታዘዝም ብሎኝ ነበር። አሁን ምን ልበላት?

ጋሽ መዝገቡ | ታኅሣሥ 7፣ ጠዋት 2፡00

ልጄ፣ ፍርድ የሚነበበው በግልጽ ችሎት ነው። መንገደኛም ገብቶ ይሰማዋል። ትምጣና ወንበር ላይ ተቀምጣ ትስማ። ለዚህ የማንም ግሩፕ አያስፈልጋትም።

የቢሮዋ ሰው | ታኅሣሥ 21፣ ከሰዓት 8፡15

መጣች! ከአዲሱ መሥሪያ ቤቷ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ። ነጠላዋን አጣፍታ የኋላው ወንበር ላይ ከጉዳይ አስፈጻሚያችን አጠገብ ተቀመጠች። እኔም ሄድኩ፤ በስምንት ዓመት ሥራዬ ችሎት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ከቀሩት ረዳቶችም ሁለቱ ማንም ሳይጠራቸው መጥተዋል። አንዷ ከሳሙና በር በእግሯ።

የመዝገቡ ቁጥር ተጠራ። ተነሣን። ዳኛዋ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረገችና «ፍርዱ ተሠርቶ ስላላለቀ፣ ከጥምቀት በኋላ ለጥር 18 ተቀጥሯል» አለች።

ከበሩ ውጭ ቆመን ሻይ ጠጣን። ጉዳይ አስፈጻሚው ሁላችንም አጠገቡ ቆመን ሳለ ቮይሱን ቀዳ።

ቀጠሮ ሰለቸኝ | ታኅሣሥ 21፣ ከሰዓት 8፡17

ይሄን ስም ዝም ብዬ አላወጣሁትም።